የጓዳችን ቅመሞችና የስኳር ሕመም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በኢንጅባራም ሆነ በዳንግላ ገበያ ቅመም የሚሸጥበትን ስፍራ ብንጎበኝ እንደ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድና ጤና አዳም ያሉትን አናጣም። ከነዚህ ቅመሞች ጋር ግን «ስኳርን ያጠፋል» የሚል ወሬም አብሮ ይመጣል። ከመካከላችን የስኳር ሕመም ያለበት ወይም ወላጁ በዚህ ሕመም የሚቸገርበት ስለማይጠፋ፣ ወሬውን ሳናጣራ ልናልፈው አይገባም። ስለዚህ ቅመሞቹ ውስጥ ምን እንዳለ፣ እንዴት እንደሚመረመርና ውጤቱ እስከ ምን እንደሚያስኬደን እንይ።

1. ቅመሞቹ ውስጥ ምን አለ?

ተክሎች ራሳቸውን ከተባይና ከበሽታ የሚከላከሉባቸው ውህዶች ያመርታሉ። እኛ መዓዛና ምሬት ብለን የምናውቃቸው አብዛኞቹ እነዚሁ ናቸው። በጦስኝ ታይሞልና ካርቫክሮል፣ በኮሰረት ሊናሎል፣ በጥቁር አዝሙድ ታይሞኪኖን፣ በእርድ ኩርኩሚን ይገኛል። ሩቲን የሚባለው ውህድማ ስሙን ያገኘው ጤና አዳም ከሚመደብበት ሩታ ከተሰኘው የተክል ወገን ነው።

2. በላብራቶሪ እንዴት ይለካል?

ለአንቲኦክሲደንት ምርመራ ዲፒፒኤች የሚባል ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ውህድ ይዘጋጃል። የቅመሙ ጭማቂ ሲጨመርበት ቀለሙ ወደ ቢጫ ከደበዘዘ፣ ቅመሙ ጎጂ የሆኑ ፍሪ ራዲካሎችን የማብረድ አቅም አለው ይባላል። ለስኳር ደግሞ የእንጀራውን ስታርች ወደ ስኳር የሚፈጩት አልፋ አሚሌዝና አልፋ ግሉኮሲዴዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ምን ያህል እንደተገቱ ይለካል፤ ውጤቱም አካርቦዝ ከተባለው መድኃኒት ጋር ይነጻጸራል።

ይህ ሁሉ ግን በብልቃጥ ውስጥ ነው። እዚያ ጭማቂው ኢንዛይሙን በቀጥታ ያገኘዋል። በሰው አካል ውስጥ ግን በጨጓራ፣ በአንጀትና በጉበት ማለፍ አለበት። ኩርኩሚን በብልቃጥ ብርቱ ሆኖ ሳለ፣ ከተበላው ውስጥ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። በሜታኖል ተጨምቆ የተከማቸ ናሙናም ወጥ ላይ ከምንነሰንሰው ቁንጥር ጋር አንድ አይደለም።

3. በሰው ላይ የታየው

አብሽ የተሻለ ማስረጃ ካላቸው አንዱ ነው። እናቶቻችን ዘፍዝፈው ሲመቱት የሚያብጠውና የሚዝለገለገው ነገር ጋላክቶማናን የሚባል አሰር ነው፤ በአንጀት ውስጥ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል። በሰዎች ላይ የተደረጉ አነስተኛ ሙከራዎች የደም ስኳርን መጠነኛ በሆነ ደረጃ ሲቀንስ አሳይተዋል። ጥቁር አዝሙድም ተመሳሳይ ተስፋ ታይቶበታል። ነገር ግን በአብዛኛው ከሐኪም መድኃኒት ጋር ተጨምረው እንጂ እርሱን ተክተው አልነበረም። አብሹን በማር ወይም በስኳር አጣፍጦ መጠጣትም የፈለግነውን ጥቅም መልሶ ይወስደዋል።

ከተክል ወደ መድኃኒት የሚወስደው መንገድ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ሜትፎርሚን ያስተምረናል። መነሻው የአብሽ ሩቅ ዘመድ የሆነው ጋሌጋ የተባለ ተክል ነው። በውስጡ ያለው ጋሌጂን ስኳርን ቢቀንስም መርዛማነቱ አስቸገረ። ተቀራራቢው ሜትፎርሚን እ.ኤ.አ. በ1922 ተቀመመ፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን ለሕሙማን መጥቀሙን ያሳተመው ግን በ1957 ነበር። ስለዚህ ኪኒኑን ጥሎ ወደ ቅጠል የሚመለስ ሰው፣ በብዙ ልፋት ከተክል የተገኘውን፣ መጠኑም የታወቀውን መድኃኒት ነው የሚጥለው።

4. ሐዲሱስ?

በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው ስለ ጥቁር አዝሙድ ፈዋሽነት የሚናገረው ሐዲስ ለኛ እውነት ነው። ሆኖም እንደ አል-ኸጧቢ ያሉ ዑለሞች ቃሉ ጥቅል ቢሆንም የተፈለገው የተወሰኑ በሽታዎች መሆናቸውን አብራርተዋል። መታከምን የሚያዝዙ ሐዲሶችም አሉ። ሐኪም ዘንድ መሄድና መድኃኒትን በአግባቡ መውሰድ ሰበብን ማድረስ ነው፤ ከተወኩል ጋር አይጋጭም።

5. ምን እናድርግ?

• ቅመሞቹን በምግባችን እንጠቀም፤ መልካም ምግብ ናቸው።
• ኢንሱሊን የሚወስድ ወንድም ወይም እህት በምንም ቅመም አይተካው። በዓይነት 1 የስኳር ሕመም ቆሽት ኢንሱሊን ማምረት ስለሚያቆም፣ መርፌውን መተው በቀናት ውስጥ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል።
• አብሽን ወይም ጥቁር አዝሙድን አብዝቶ መውሰድ የፈለገ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። ከመድኃኒት ጋር ተደምሮ ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል፤ መንቀጥቀጥ፣ ማላብና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው።
• ነፍሰ ጡር እህቶች ጤና አዳምንና አብሽን እንደ መድኃኒት አብዝተው ከመውሰድ ይቆጠቡ።
• ጓደኛችን መድኃኒቱን ሊያቆም ማሰቡን ከሰማን ዝም አንበል። ወደ ጤና ጣቢያ አብረነው እንሂድ፤ የወንድማማችነት ሐቅ ነውና።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን፣ ለኛም ጠቃሚ ዕውቀትን ይለግሰን። አሚን። ወላሁ አዕለም።