ከጀማሪነት ወዲያ፦ የፕሮግራሚንግ መጽሐፍን እንዴት እናንብብ?

አንድን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ መማር የጀመረ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ መንገድ ይጓዛል። ሰላምታ የሚያትም ፕሮግራም ይጽፋል፤ ቁጥሮችን ይደምራል፤ ሁኔታን የሚፈትሹና ሥራን የሚደጋግሙ ትእዛዞችን ይለያል። ከዚያ በኋላ ግን ጉዞው ይገታል። በመጽሐፍ የታተመውን ፕሮግራም ሲያነብ ይገባዋል፤ በራሱ ልጻፍ ሲል ግን የመቶ መስመር ፕሮግራም እንኳ ይሳነዋል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ሌላ የጀማሪዎች መጽሐፍ ይፈልጋሉ፤ ወይም ወደ ሌላ ቋንቋ ይሻገራሉ። በመሆኑም የሦስት ቋንቋዎችን የመጀመሪያ ምዕራፎች እያወቁ የአንዱንም መጨረሻ ሳያዩ ይቀራሉ።

የዚህ ችግር መፍትሔ የመጽሐፍ ብዛት አይደለም፤ የአነባበብ ለውጥ ነው። ይህንንም በአንድ ታዋቂ መጽሐፍ ምሳሌነት እናሳያለን።

የሁለተኛው ደረጃ መጽሐፍ

የሲ ቋንቋን የፈጠረው ዴኒስ ሪቺ ነው፤ ጊዜው የ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.)፣ ቦታውም በአሜሪካ የሚገኘው ቤል ላብራቶሪ ነበር። ሪቺ ከብራያን ከርኒሃን ጋር ሆኖ ስለ ቋንቋው የጻፈው «ዘ ሲ ፕሮግራሚንግ ላንጉዌጅ» የተባለው መጽሐፍ በ1978 ታተመ፤ ሁለተኛው እትም በ1988 ወጣ። መጽሐፉ ከ300 ገጽ በታች ነው። ደራሲዎቹ በመቅድሙ እንደሚያስገነዝቡት፣ አንባቢው ስለ ቫሪያብል፣ ስለ ሉፕና ስለ ፋንክሽን አስቀድሞ ጥቂት ማወቅ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ቀጥሎ ለሚመጣው ደረጃ ተስማሚ ነው። አጭርነቱ ግን ሊያታልለን አይገባም። እንደ ልብ ወለድ የሚያነበው በጥቂት ቀናት ይጨርሰዋል፤ የሚቀርለት ነገር ግን ጥቂት ነው።

አንደኛ፦ ከማሽኑ በፊት መገመት

በመጽሐፉ አምስተኛ ምዕራፍ የሁለት ቫሪያብሎችን ዋጋ ለማለዋወጥ የተጻፈ አንድ ፋንክሽን ይገኛል። አንደኛው ቫሪያብል 3፣ ሁለተኛው 7 ቢሆን ከፋንክሽኑ በኋላ ምን ይታተማል? አንባቢው ፕሮግራሙን ከማስኬዱ በፊት መልሱን በወረቀት ይጻፍ። ብዙ ጀማሪዎች «7 እና 3» ይላሉ። ማሽኑ ግን «3 እና 7» ብሎ ያትማል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በሲ ቋንቋ ፋንክሽን የሚቀበለው የቫሪያብሉን ዋጋ ቅጂ እንጂ ቫሪያብሉን ራሱን አይደለም። የደብተራችንን ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርገን ለጓደኛችን ብንሰጠው፣ በኮፒው ላይ የሚያደርገው እርማት ደብተራችንን አይነካም። ደብተሩ የተቀመጠበትን የመደርደሪያ ቁጥር ብንነግረው ግን ሄዶ ዋናውን ያርማል። ፖይንተር የሚባለውም ይኸው ነው፦ በሜሞሪ ውስጥ ዋጋው የተቀመጠበት አድራሻ።

ይህን ማብራሪያ ሳይገምት ያነበበ ተማሪ «ገባኝ» ብሎ ገጹን ይገልጣል። ገምቶ የተሳሳተው ግን አስተሳሰቡ የት ላይ እንደሳተ በዓይኑ ያያል፤ ስለዚህ አይረሳውም። ግምት ለመጻፍ ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ የላብራቶሪ ሰዓት የተወሰነበት ተማሪ ይህን ሥራ በቤቱ ጨርሶ ሊመጣ ይችላል።

ሁለተኛ፦ መልመጃውን ወደ ራስ ጥያቄ ማዞር

በመጀመሪያው ምዕራፍ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ያሉትን ፊደላት፣ ቃላትና መስመሮች የሚቆጥር አጭር ፕሮግራም አለ። ከዚያም አንድ መልመጃ ይከተላል፦ ይህን ፕሮግራም እንዴት ትፈትኑታላችሁ? ስሕተቱን ሊያጋልጥ የሚችለውስ ምን ዓይነት ጽሑፍ ነው? ባዶ ፋይል፣ ክፍት ቦታ ብቻ ያለበት ፋይል፣ እንዲሁም የመጨረሻው መስመር ያልተዘጋበት ፋይል ከመልሶቹ መካከል ናቸው።

እኛ ግን አንድ እርምጃ እንጨምር፤ የራሳችንን ጽሑፍ እንስጠው። «ሰላም» የሚለውን ቃል በዩቲኤፍ-8 አሠራር ጽፈን መስመሩን እንዝጋ። ሦስት ፊደላትና አንድ የመስመር መዝጊያ ስላሉ አራት ይላል ብለን እንጠብቃለን። ፕሮግራሙ ግን አሥር ይላል። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ፕሮግራሙም የሚቆጥረው ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። ሦስት ጊዜ ሦስት ዘጠኝ፣ የመስመር መዝጊያው ሲጨመር አሥር ይሆናል።

ማረሚያው አጭር ነው። በዩቲኤፍ-8 የአንድ ፊደል ተከታይ ባይቶች ዋጋ ሁልጊዜ ከ128 እስከ 191 ባለው ውስጥ ይወድቃል። እነዚህን አንቆጥርም ብለን አንድ ሁኔታ ብንጨምር መልሱ አራት ይሆናል።

ቃላትን መቁጠሩ ግን የበለጠ ያሠራል። ፕሮግራሙ ቃልን የሚለየው በክፍት ቦታ፣ በታብና በመስመር መዝጊያ ብቻ ነው። ስለዚህ «አበበ፡በሶ፡በላ» ብለን በሁለት ነጥብ ብንጽፍ አንድ ቃል ብቻ ይቆጥራል። የሁለት ነጥብ ምልክት 225፣ 141 እና 161 የሚሉ ሦስት ተከታታይ ባይቶች ነው። ፕሮግራሙ ምልክቱን እንዲያውቅ ከተፈለገ ያለፉትን ሁለት ባይቶች ማስታወስ አለበት። ይህን ማረሚያ በራሱ የጻፈ ተማሪ ከመጽሐፉ ያልተቀዳ ፕሮግራም ጽፏል ማለት ነው፤ የጀማሪነትንም ወሰን ማለፍ ጀምሯል።

ሦስተኛ፦ የመጽሐፉን ዕድሜ ማወቅ

የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው፤ በ1988 የታተመ መጽሐፍ ስለዚህ ነገር ሊናገር አይችልም። የሲ ቋንቋ ደረጃም በ1989 ከጸደቀ ወዲህ ደጋግሞ ተሻሽሏል፤ በ2024ም አዲስ እትም ወጥቶለታል። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ፕሮግራም ዋናውን ፋንክሽን የሚጽፈው የሚመልሰውን የዋጋ ዓይነት ሳይገልጽ ነው፤ ይህ አጻጻፍ በ1999ኙ ደረጃ ተሽሯል። መስመር ለማንበብ ያገለግል የነበረው «ጌትስ» የተባለ ፋንክሽንም የሚያነበውን መጠን መወሰን ስለማይችልና የሜሞሪ መጣስ ስለሚያስከትል በ2011 ከደረጃው ወጥቷል።

ታዲያ አሮጌ መጽሐፍ ማንበብ ምን ይጠቅማል? የፖይንተር ትርጉም፣ የፋንክሽን አከፋፈልና የፕሮግራም አፈታተን አላረጁም። ያረጁት ዝርዝሮች ናቸው። አንባቢው ኮምፓይለሩ የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ ሁሉ እንዲያሳየው ቢያደርግ አብዛኞቹን በቀላሉ ይለያቸዋል። ማስጠንቀቂያውን ችላ ሳይል ምክንያቱን ቢመረምር ደግሞ የቋንቋውን ታሪክ ጭምር ይማራል።

ማጠቃለያ

ስለዚህ ለተማሪዎች የምንመክረው ይህ ነው። አንድ የሁለተኛ ደረጃ መጽሐፍ ምረጡ፤ እስኪያልቅ ድረስ ሌላ አትጀምሩ። እያንዳንዱን ምሳሌ ከማስኬዳችሁ በፊት ውጤቱን ጻፉ። ምዕራፉ ሲያልቅ መጽሐፉን ዘግታችሁ ዋናውን ፕሮግራም ከራሳችሁ ጻፉ፤ የጎደላችሁን ለማየት ብቻ መልሳችሁ ክፈቱት። ከመልመጃዎቹ ቢያንስ አንዱን በራሳችሁ ጥያቄ አስፉት፦ የክፍላችሁን ውጤት፣ የመንደራችሁን የዝናብ መጠን ወይም የቋንቋችሁን ጽሑፍ ስጡት።

በዚህ አኳኋን አንድ ምዕራፍ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ ይህም መዘግየት አይደለም። ማደጋችሁን ማወቅ ብትፈልጉ ያነበባችሁትን ገጽ አትቁጠሩ። መልሱ በመጽሐፉ የሌለ አንድ ጥያቄ ያዙ፤ ፕሮግራሙን ጻፉ፤ ሲሳሳት ምክንያቱን ለጓደኛችሁ በቃል አስረዱ። ማስረዳት ከቻላችሁ ወደሚቀጥለው መጽሐፍ ለመሻገር ደርሳችኋል።