ግንድ አድርቅ በገጀራ ይጓዛል፦ ለቡና አምራቾች ማሳሰቢያ

ቅጠሉ ጠውልጎ የቆመ ቡና ሲያዩ «ዝናብ ስለዘገየ ነው» ብለው አይለፉት። ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ቅርፊቱን በቢላ ላጥ ያድርጉ። እንጨቱ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ የያዘው ግንድ አድርቅ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ነው፤ ያ ዛፍ አይድንም።

መድኃኒት በመርጨት ገንዘብዎን አያባክኑ። ፈንገሱ ያለው ውኃ በሚወጣበት የግንዱ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ርጭቱ አይደርስበትም። ስትሮቢሉሪን የሚባሉት መድኃኒቶች ደግሞ የሚመቱት የፈንገሱን ሚቶኮንድሪያ፣ ማለትም የሕዋሱን ኃይል ማመንጫ ነው። ሚቶኮንድሪያ የራሱ ዘረመል አለው፤ እዚያ ላይ አንዲት ፊደል ብትለወጥ መድኃኒቱ ከንቱ ሊሆን ይችላል። አፕልን በሚያጠቃ ፈንገስ ላይ ይህ ደርሷል።

የታመመውን ከነሥሩ ነቅለው እዚያው ያቃጥሉ። ለማገዶ ወይም ለአጥር ብለው አይጎትቱት፤ በየመንገዱ በሽታውን መዝራት ነው። ጉድጓዱ ላይ ሌላ ቡና ለመትከል 2 ዓመት ያህል ይታገሡ።

ዋናው ነገር ግን ገጀራው ነው። ፈንገሱ የሚገባው በቁስል በኩል ስለሆነ ግንዱ ዙሪያ ያለውን አረም በእጅ ይንቀሉ። ለጉንደላም ሆነ ለምንጣሮ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲያልፉ ስለቱን በእሳት ወይም በአልኮል ያጽዱ። (አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ።) ደቦ ሲጠሩ ደግሞ አሥር ሰው አሥር ገጀራ ይዞ ከአሥር ማሳ እንደሚመጣ አይርሱ።

«የሚቋቋም ዝርያ አለኝ» ብለውም አይዘናጉ። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1927 በዛሬዋ ማዕከላዊ አፍሪካ ሪፐብሊክ ታየ፤ በአገራችን በ1957 ተመዘገበ። በመካከለኛው አፍሪካ የሚቋቋም ሮቡስታ ቡና ሲተከል ጋብ ብሎ፣ በ1970ዎቹ ኮንጎ ላይ ተነሣ፤ በ1993 ኡጋንዳ ገባ። ለአሥርተ ዓመታት ተጠብቀው የቆዩ የፈንገስ ናሙናዎች ዘረመል ሲነበብ፣ አረቢካን የሚገድለውና ሮቡስታን የሚገድለው የተለያዩ ሆነው ተገኙ። ሁለቱም ሙዝና ቲማቲም ከሚያጠወልገው ዘመዳቸው ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም ዘረመል ሳይወስዱ አልቀሩም። ፈንገሱ ስለሚለዋወጥ ዛሬ የሚቋቋመው ዝርያ ነገ ላይቋቋም ይችላል፤ ስለዚህ ማሳዎን በአንድ ዝርያ ብቻ አይሸፍኑ።

ጎረቤትዎ ገጀራ ሊዋስ ከመጣ፣ ከመስጠትዎ በፊት እሳት ያሳዩት፤ ሲመልስም እንዲሁ።