የሆቴሉ ነጻ ቁርስ የሚገኘው ክፍሉ ሲያዝ ነው

ትልልቆቹ ሆቴሎች ለአባሎቻቸው ከሚሰጧቸው ጥቅሞች ሁሉ በየማለዳው በኪስ የሚታወቀው ቁርስ ነው። ለአንድ ሰው 25 ዶላር የሚያስከፍል ቡፌ ለባልና ሚስት በአራት ቀን 200 ዶላር ይደርሳል፤ ታክስና ቲፕ ሳይቆጠር። ይህን መብት በካርዳቸው ይዘው እየከፈሉ የሚበሉ ተጓዦች ግን ጥቂት አይደሉም። መብቱ የሚያመልጣቸው ምግብ ቤቱ በር ላይ አይደለም። ያመለጣቸው ከሳምንታት በፊት፣ ክፍሉን በስልካቸው ሲይዙ ነው።

መጀመሪያ የደረሱበት የአባልነት ደረጃ ቁርስ የሚያሰጥ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የደረጃው ስም ብቻውን ምንም አይናገርም። የሂልተን ኦነርስ ጎልድ አባል ጥቅሙን ያገኛል፤ የማሪዮት ቦንቮይ ጎልድ አባል ግን አያገኝም። በማሪዮት ለቁርስ የሚያበቃው ፕላቲነም ሲሆን በዓመት 50 ሌሊት ማደርን ይጠይቃል። የሃያት ግሎባሊስት 60፣ የአይኤችጂ ዳይመንድ ደግሞ 70 ሌሊት ይፈልጋሉ። ይህን ያህል ሌሊት ከቤቱ ርቆ ለማያድር በአሜሪካ ለሚኖር ሰው አጭሩ መንገድ ሂልተን ነው፤ ምክንያቱም የጎልድ ደረጃው ከአሜሪካን ኤክስፕረስ ፕላቲነም ካርድ ወይም ከሂልተን ሰርፓስ ካርድ ጋር ይመጣል። የፕላቲነም ካርድ ባለቤት ግን ደረጃውን ራሱ ገብቶ ካልተመዘገበበት አያገኘውም። ካርዱን በኪሱ ይዞ ለዓመታት ሳይመዘገብ የሚቀር አለ።

ደረጃ የሌለውም ቢሆን ባዶ እጁን አይቀርም። ሃምፕተን፣ ኢምባሲ ስዊትስ፣ ሆሊዴይ ኢን ኤክስፕረስ፣ ፌርፊልድና ሬዚደንስ ኢን ቁርስን ለሁሉም እንግዳ በክፍሉ ዋጋ ውስጥ ይሰጣሉ። ልጆች ይዘው በየዓመቱ በፈረንጆቹ ሐምሌ መባቻ አካባቢ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌስቲቫልን ተከትለው ከከተማ ከተማ ለሚጓዙ ቤተሰቦች፣ አምስት ሰው በነጻ የሚመገብበት ሃምፕተን ለሁለት ሰው ብቻ ቁርስ ከሚሰጥ ባለ ኮከብ ሆቴል ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው እንቅፋት እንምጣ። ሂልተንም፣ ማሪዮትም፣ ሃያትም፣ አይኤችጂም የአባልነት ጥቅም የሚሰጡት ክፍሉ በራሳቸው ድረ ገጽ፣ መተግበሪያ ወይም ስልክ ሲያዝ ነው። ክፍሉ በቡኪንግ፣ በኤክስፒዲያ ወይም በመሰል አሻሻጭ ከተያዘ፣ ሆቴሉ እንግዳውን የሚያየው እንደ አሻሻጩ ደንበኛ ነው። ደረጃው ዳይመንድ ቢሆን፣ የአባልነት ቁጥሩን መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ቢያሳይ፣ ሠራተኛዋ ቁጥሩን በኮምፒውተሯ ብትመዘግብለት እንኳ ሆቴሉ ቁርስ የመስጠት ግዴታ የለበትም። አንዳንድ ጊዜ በመልካም ፈቃድ ይሰጣሉ፤ ያ ግን ልግስና ነውና ታምነው አይጓዙበት።

ሰውን የሚያታልለው የዋጋው ልዩነት ነው። አሻሻጩ ዘንድ ክፍሉ በሌሊት በ12 ዶላር ረክሶ ይገኛል እንበል። አራት ሌሊት 48 ዶላር ያተርፋል፤ በዚያው አራት ቀን ግን ባልና ሚስቱ የ200 ዶላር ቁርስ ያጣሉ። ስለዚህ ዋጋ ሲያወዳድሩ የክፍሉን ከክፍሉ ጋር ብቻ አያስተያዩ፤ ቁርሱን ደምረው ያስሉ። የረከሰውን ዋጋ ካገኙም አይለፉት፣ ይጠቀሙበት እንጂ። ሂልተንና ማሪዮት በሌላ ቦታ የታየውን ዝቅተኛ ዋጋ አስተካክለው ተጨማሪ 25 በመቶ የሚቀንሱበት ዋስትና አላቸው። የክፍሉ ዓይነት፣ ቀኑና የመሰረዣ ደንቡ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ በማሪዮት ጥያቄው ክፍሉ በተያዘ በ24 ሰዓት ውስጥ መቅረብ ይኖርበታል። አሻሻጩ ላይ የሚታየውን ዋጋ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡት፤ ዋጋው በሰዓታት ውስጥ ሊለወጥ ይችላል።

የሠርግና የስብሰባ እንግዶችም ይጠንቀቁ። አዘጋጁ በጅምላ የያዛቸው ክፍሎች ውል እንደየሆቴሉ ይለያያልና የአባልነት ጥቅም እንደሚሠራባቸው ሆቴሉን አስቀድመው በኢሜይል ጠይቀው መልሱን ያስቀምጡ። የጽሑፍ መልስ የያዘ እንግዳ ማታ በድካም ሲደርስ ክርክር ውስጥ አይገባም።

በዚያው በመያዣው ገጽ ላይ ሁለተኛ ወጥመድ አለ፤ የአዋቂዎች ቁጥር። ለሁለት የሚተኙበትን ክፍል “አንድ አዋቂ” ብሎ የያዘ ሰው የአንድ ሰው ቁርስ ይዞ ሊቀር ይችላል። ሂልተን ቁርሱን የሚሰጠው ለአባሉና በዚያው ክፍል ለተመዘገበ አንድ ተጨማሪ እንግዳ ነው፤ የሃያት ግሎባሊስት ሁለት አዋቂና ሁለት ልጅ ድረስ ይፈቅዳል። እኛ ዘንድ ባልና ሚስት በተለያየ የአባት ስም ስለሚጠሩ፣ የክፍሉን ዝርዝር የሚያይ አስተናጋጅ አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን ከስማቸው አይገምትም። ስለዚህ የባለቤትዎን ሙሉ ስም እንደ ሁለተኛ እንግዳ ያስመዝግቡ። የራስዎም ስም በአባልነቱ ላይ በፓስፖርቱ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል ይጻፍ። አጎራባች ክፍል ለልጆች የያዘ ቤተሰብም ጥቅሙ አባሉ በሚያድርበት ክፍል ብቻ መሆኑን አስቦ በጀቱን ያውጣ።

በነጻ የሚያገኙትን ቁርስ በዋጋ አይግዙ። ደረጃው ካለዎት “ቁርስን ጨምሮ” የሚለውን ትተው ክፍሉን ብቻ ይያዙ።

ሆቴሉ ሲደርሱ የሚጠየቀው ጥቂት ነው፤ የት ይበላል፣ እስከ ስንት ሰዓት፣ ለስንት ሰው፣ ቡፌው ሙሉ ነው ወይስ የተወሰነ? በማሪዮት ብዙ ሆቴሎችና በአይኤችጂ ዳይመንድ ዘንድ ቁርስ ከነጥብ ወይም ከሌላ ስጦታ ጋር አማራጭ ሆኖ ይቀርባል። ዝም ያለ እንግዳ ነጥቡ ተመዝግቦለት ሊያልፍ ስለሚችል “ቁርስ መርጫለሁ” ብለው አፍ አውጥተው ይናገሩ። አዲስ አበባ ያለው ሸራተን አዲስ በማሪዮት ሥር የላግዠሪ ኮሌክሽን ሆቴል በመሆኑ ይህ ምርጫ እዚያም ይመለከታል። ሁለት ሰው ለብዙ ቀን የሚቆይ ከሆነ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ምርጫ ሁልጊዜ ቁርሱ ነው፤ በምትኩ የሚሰጠው 1,000 ነጥብ የአንድ ማለዳ ቡፌ እንኳ አይገዛም።

ሂልተን አሜሪካ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 2021 ጀምሮ በብዙዎቹ ባለ ሙሉ አገልግሎት ሆቴሎቹ ነጻ ቁርሱን በዕለታዊ የምግብና መጠጥ ገንዘብ ተክቶታል። መጠኑ እንደ ሆቴሉ ዓይነትና እንደ ከተማው ይለያያል፤ ቡፌው ከዚያ ከበለጠ ልዩነቱን እንግዳው ይከፍላል። በዚህ ብዙ ሰው ያዝናል፤ ለጾመኛ ግን መልካም ጎን አለው። ገንዘቡ በቁርስ ሰዓት ያልተወሰነ በመሆኑ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ እንግዳ በምሳ ወይም በራት ሊጠቀምበት ይችላል። ከአሜሪካ ውጭ፣ ሂልተን አዲስ አበባን ጨምሮ፣ ለጎልድና ለዳይመንድ የሚሰጠው ራሱ ቁርሱ ነው። በዚያ ጾመኛ የሆነ ሰው የጾም ምግብ መኖሩንና የመዝጊያውን ሰዓት ከዋዜማው ይጠይቅ። በረመዳን በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚያድር ጾመኛም ቁርሱ በሱሁር ሊተካለት ይችል እንደሆነ ሲገባ ይጠይቅ።

ከአሜሪካ በሌሊት በረራ ተጉዞ ጠዋት ቦሌ የሚያርፍ ተጓዥ አንድ ነገር ይወቅ፤ ቁርሱ የሚገባው ካደረበት ሌሊት በኋላ ላለው ጠዋት ነው። በደረሰበት ማለዳ ምግብ ቤት ቢገባ ሂሳብ ይመጣበታል። በአንጻሩ በመጨረሻው ቀን ማታ የሚበር ሰው የዚያን ጠዋት ቁርስ ሙሉ መብቱ ነውና አይተወው። ጎህ ሳይቀድ የሚወጣ ደግሞ ከዋዜማው የሚያዝ ምግብ እንዲዘጋጅለት ቢጠይቅ ብዙ ሆቴሎች እሺ ይላሉ።

ምግብ ቤቱ ብዙ ጊዜ ቁርሱን መጀመሪያ በክፍሉ ሂሳብ ላይ ይመዘግብና በኋላ ይቀንሰዋል፤ ስህተት የሚገባው በዚህ መሃል ነው። በመሆኑም ሲወጡ ሂሳቡን በኢሜይል ላኩልኝ ብለው አይሂዱ። መቀበያው ጋ ቆመው መስመር በመስመር ያንብቡት፣ ያልተቀነሰ ካለም ቁልፉን ሳይመልሱ ያስተካክሉ፤ ከወጡ በኋላ ያንኑ ገንዘብ ለማስመለስ ስልክና ኢሜይል መመላለስ ይጠብቅዎታል።