ሰማይ የሥራ ፈቶች አገር ነውን?

ለጥናት የሚነበቡ ክፍሎች፦ ሉቃስ 12፥35-38፤ 19፥11-19፤ ማቴዎስ 25፥31-46



በአዘና አካባቢ ክረምቱን በጭቃና በብርድ ሲያርስ ለሚከርም ገበሬ ሰማይ ማለት ዕረፍት ነው ቢል ማን ይፈርድበታል? እኛም በለቅሶ ቤት ስንጽናና የምንናገረው ስለ ዕረፍቱ ነው። ዕረፍቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጌታችን ስለዚያ አገር ሲያስተምር ያሳየን ከዚህ ሰፋ ያለ ነው።

በሉቃስ 12 ከሰርግ የተመለሰው ጌታ፣ ነቅተው የጠበቁትን አገልጋዮቹን በማዕድ አስቀምጦ ራሱ ታጥቆ ያስተናግዳቸዋል። በእኛ ድግስ ነጠላውን አደግድጎ የሚቆመው አሳላፊው እንጂ የከበረው እንግዳ አይደለም። እዚያ ግን ከሁሉ የከበረው አሳላፊ ሆኗል። እዚህ ሳለ ማገልገልን ያልለመደ ሰው በእንዲህ ያለው ማዕድ ባይተዋር አይሆንምን?

በምዕራፍ 19 ደግሞ በጥቂት የታመነው ባሪያ በዐሥር ከተሞች ላይ ተሾመ። የሥራው ዋጋ የሚበልጥ ሥራ ሆነ ማለት ነው። (ለደከመው የፕሮጀክት ሠራተኛ ይህ የምሥራች አይመስለው ይሆናል!)

ነገሩን ወደ ደጃችን እናምጣው። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል፣ በቡለን ወረዳ በኩጂ ከ100 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ከዚያ በኋላ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ተፈናቃዮች ወደ አዊ መጥተው በቻግኒ አጠገብ ራንች በተባለው ስፍራ ተጠለሉ። አማራው፣ አገው፣ ሺናሻው በአንድ ሰፈር ተገናኘ። ማቴዎስ 25 ከዘረዘራቸው ስድስት ችግሮች አምስቱ፣ ማለት ራብ፣ ጥም፣ እንግድነት፣ መታረዝና ሕመም፣ በአንድ ሜዳ ላይ ተሰብስበው ነበር። በዚያ ምዕራፍ ንጉሡ የተራበው ሰው በምን ቋንቋ እንደሚናገር ወይም የየትኛው ማኅበር አባል እንደሆነ አይጠይቅም።

በዚህ ሥራ ሰማይን እንገዛለን አንልም፤ መዳን በጸጋ ነው። በቀኝ የቆሙት እንኳ ያደረጉትን አያስታውሱም፤ መቼ አየንህ ብለው ይደነቃሉ። እኛ ግን መዝገብ እንይዛለን፣ ጣት እናስፈርማለን። ይህ ተገቢ ነው፤ የሰጪዎች አደራ አለብን። ነገር ግን እኛ ጥላ ሥር ተቀምጠን መዝገቡን ስናገላብጥ እናቶች ልጅ አዝለው በፀሐይ የቆሙበት ቀን እንደነበረ እንናዘዛለን። ያን ቀን ዝርዝሩ ተሟልቶ ነበር፤ የታጠቀ አሳላፊ ግን በመካከላችን አልነበረም።

በሚቀጥለው የጥናት ስብሰባችሁ ተነጋገሩበት፦ በእናንተ የእደላ ስፍራ የተቀመጠው ማን ነው? የቆመውስ ማን ነው?