እግር ለሜዳ፣ ባትሪ ለዳገት
የኤሌክትሪክ ብስክሌት በረጅም የጠጠር መንገድ ውድድር

በአሜሪካ በካንዛስ ግዛት፣ ኤምፖሪያ ከምትባል ከተማ ተነሥቶ ፍሊንት ሂልስ የተባሉትን ሣር የለበሱ ኮረብቶች አቋርጦ ወደዚያው የሚመለስ የብስክሌት ውድድር አለ። ውድድሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ ከ2020 ወዲህ «አንባውንድ ግራቭል» በሚል ስም ይታወቃል። ዋናው ርቀቱ 200 ማይል፣ ማለትም 322 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በአብዛኛው ጠጠር ነው፤ ኮረብቶቹም ስማቸውን ያገኙት ጎማ ከሚቀደው ስለታም የባልጩት ድንጋይ ነው።

አንድ ሰው ይህን ርቀት በኤሌክትሪክ የተራራ ብስክሌት ልጨርስ ብሎ ቢነሣ፣ ባትሪው ያደርሰዋልን? ሞተር ያለውና የሌለው ብስክሌት በአንድ ሚዛን አይለኩም፤ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበርም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለኤሌክትሪክ የተራራ ብስክሌት የተለየ የዓለም ሻምፒዮና ያካሂዳል። ስለዚህ የካንዛሱን መንገድ እዚህ የምንወስደው ለስሌት ምሳሌነት ብቻ ነው። ለስሌቱ ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ያለፈ ዕውቀት አያስፈልግም።

ሞተሩ እንዴት ያግዛል?

የዚህ ዓይነቱ ብስክሌት ሞተር ብዙውን ጊዜ የሚተከለው በፔዳሉ ዘንግ ላይ ነው። ጋላቢው ፔዳሉን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚረግጥ የሚለካ መሣሪያ አለው፤ ሞተሩም በዚያው ልክ ያግዛል። ጋላቢው መርገጡን ሲያቆም ሞተሩም ያቆማል። እገዛው የፍጥነት ገደብም አለው፤ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር፣ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ደግሞ ለመጀመሪያው ምድብ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ሁለት መለኪያዎችን እዚህ ላይ እንለይ። ዋት ሥራ የሚሠራበትን ፍጥነት ይለካል፤ ዋት-ሰዓት ግን የኢነርጂ መጠን ነው። 625 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 100 ዋት እየሰጠ ስድስት ሰዓት ከሩብ ይቆያል፤ 300 ዋት ቢጠየቅ ግን ከሁለት ሰዓት ጥቂት ዘልሎ ያልቃል።

ሦስቱ ተቃዋሚዎች

ጋላቢው፣ ብስክሌቱና ስንቁ በድምሩ 105 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል። ወደፊት ለመሄድ ሦስት ነገሮችን ማሸነፍ አለባቸው።

አንደኛው የጎማ ተቃውሞ ነው። ጎማ በጠጠር ላይ ሲንከባለል እየተጨፈለቀና እየተመለሰ፣ ጠጠሩንም እየገፋ ኢነርጂ ያባክናል። የዚህን ተቃውሞ መጠን 0.012 አድርገን ብንወስድ፣ 0.012 × 105 × 9.8 = 12.3 ኒውተን ያህል ይሆናል። ይህ ቁጥር በፍጥነት ብዙም አይለወጥም፤ መንገዱ ጭቃ ሲሆን ግን እጅግ ይጨምራል።

ሁለተኛው አየር ነው። የአየር ተቃውሞ ከፍጥነት ስኩዌር ጋር ያድጋል። ለጋላቢያችን 0.3 × ፍጥነት × ፍጥነት ብለን ብናሰላ (ፍጥነት በሜትር በሰከንድ)፣ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 7.5 ኒውተን፣ 25 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ግን 14.5 ኒውተን ይገጥመዋል።

ሦስተኛው የመሬት ስበት ነው። በጠቅላላው መንገድ የሚወጣው ዳገት 3,000 ሜትር ቢሆን፣ ለመውጣት 860 ዋት-ሰዓት ያህል ይጠይቃል። ከዚህ ግማሹ በቁልቁለት ወደ ጉዞ ይመለሳል እንበል፤ ቀሪው በፍሬን ሙቀትና በአየር ግፊያ ይባክናል። ሞተሩ በፔዳሉ ዘንግ ላይ ሲተከል የኋላው ጎማ በነፃ ስለሚሽከረከር፣ ቁልቁለቱ ባትሪውን መልሶ ሊሞላው አይችልም። ስለዚህ የዳገት ዕዳችን 430 ዋት-ሰዓት ነው።

ስሌቱ ምን ይላል?

ጋላቢው ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ 100 ዋት ይሰጣል፤ ሞተሩም ከባትሪው ከሚወስደው 80 ከመቶውን ወደ ሥራ ይለውጣል እንበል። የሰንሰለቱን ጥቂት ብክነት ትተን ስናሰላ፣ ለ322 ኪሎ ሜትር ከባትሪ የሚፈለገው እንደሚከተለው ነው።

በአማካይ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር፦ 520 ዋት-ሰዓት።
በአማካይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር፦ 940 ዋት-ሰዓት።
በአማካይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር፦ 1,930 ዋት-ሰዓት።

ከ20 ወደ 25 ስንሄድ ፍጥነቱ የጨመረው በሩብ ነው፤ የባትሪው ፍጆታ ግን ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አየሩ ይከብዳል፤ ጉዞውም ከ16 ሰዓት ወደ 13 ሰዓት ስለሚያጥር የጋላቢው እግር የሚያዋጣው ድርሻ ይቀንሳል። የጎደለውን የሚሞላው ባትሪው ነው።

625 ዋት-ሰዓት ባትሪ የያዘ ጋላቢ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ቢገሰግስ፣ ባትሪው 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያልቅበታል። ከዚያ በኋላ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ ከባዱን ብስክሌት በእግሩ ብቻ ሊገፋ ነው። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የረካው ግን በዚያው ባትሪ መጨረሻው ድረስ ይዘልቃል።

ባትሪው የት ይዋል?

ባትሪው ካለቀ በኋላ በ100 ዋት ብቻ የሚሄድ ጋላቢ በሜዳ ላይ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ስድስት ከመቶ ዳገት ሲገጥመው ግን በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይሄዳል፤ ይህ የእግረኛ ርምጃ ነው። አሁን ሞተሩ ሌላ 100 ዋት ጨመረለት እንበል። በሜዳ ፍጥነቱ ከ18 ወደ 26 ያድጋል፤ ጭማሪው 43 ከመቶ ገደማ ነው። በዳገቱ ላይ ግን ከአምስት ወደ ዘጠኝ ተኩል ይደርሳል፤ ይኸውም እጥፍ ለመሆን ጥቂት ብቻ የቀረው ነው።

ልዩነቱን ያመጣው አየር ነው። በዳገት ላይ ዝግ ብለን ስለምንሄድ አየሩ አይቃወመንም፤ የተጨመረው ዋት ሁሉ ለመውጣት ይውላል። በሜዳ ግን አብዛኛው ጭማሪ አየር በመግፋት ያልቃል። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሠራነውን ስሌት መልሰን ብናየው፣ ሞተሩ ያዋጣው ሥራ ከዳገቱ ዕዳ ጋር ተቀራራቢ ነው። እግር ሜዳውን፣ ሞተር ዳገቱን ተካፍለውታል። ስለዚህ ዐዋቂ ጋላቢ በሜዳና በቁልቁለት እገዛውን ያጠፋል ወይም ዝቅ ያደርጋል፤ በዳገት ይከፍተዋል።

ሁለተኛ ባትሪ ቢያዝስ?

ተጨማሪው ባትሪ 3.5 ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ እርሱኑ ተሸክሞ 322 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 64 ዋት-ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ይህም ከያዘው ኢነርጂ አንድ አሥረኛ ነው። እንግዲህ መያዙ ያዋጣል ማለት ነው። ያም ሆኖ ስንቅን የሚተካ አይደለም። የሰው አካል ከምግብ ኢነርጂ ሩብ ያህሉን ብቻ ወደ ሥራ ስለሚለውጥ፣ 100 ዋት ለ18 ሰዓት መስጠት ከ6,000 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይጠይቃል። የጋላቢው ጉልበት ከደከመ፣ መርገጥን የሚጠብቀው ሞተርም አብሮት ይደክማል።

ለአንባቢያን መልመጃ

ጋላቢው በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ በሰከንድ ሦስት ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት መጣበት። የአየር ተቃውሞው ከ7.5 ኒውተን ወደ ስንት ያድጋል? ነፋሱ ለ50 ኪሎ ሜትር ቢዘልቅና ጋላቢው ፍጥነቱን ባይቀንስ፣ ከባትሪው ስንት ዋት-ሰዓት ተጨማሪ ይወሰዳል? ፍንጭ፦ አየርን በተመለከተ የሚቆጠረው ፍጥነት የጋላቢውና የነፋሱ ድምር ነው፤ የሞተሩንም 80 ከመቶ አትርሱ።