ነገርን ከሥሩ፦ የሞተሪኖና የዲናሞ ሽቦ እንዴት ይመረመራል?

«የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ሞተሪኖ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ለዘገባ ትምህርት ሮቤ ውስጥ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ዘንድ ስመላለስ ግን ሥራቸው ከእኛ ሙያ ብዙም እንደማይርቅ ገባኝ። እሳቸው ዘንድ ሳይጣራ የሚፈረድበት የለም፤ ባትሪም ቢሆን።

ጉዳዩ ለባሌ ሰው ቀላል አይደለም። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር ከፍታ በላይ ያልፋል። በብርድ የሞተር ዘይት ስለሚወፍር ሞተሪኖው ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ባትሪው ደግሞ በዚያው ሰዓት አቅሙ ይቀንሳል፤ በ0 ዲግሪ አካባቢ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ቆላ ላይ ችላ የተባለ የላላ ብሎን እዚህ መኪና ያስቆማል። ሳነቴ ላይ ደግሞ ጋራዥ የለም።

መንገዱን እንወቅ። ከባትሪው ፖዘቲቭ ወፍራም ገመድ ወደ ሞተሪኖ ይሄዳል፤ ኤሌክትሪኩ በሞተሩ ብረትና በማሳው ገመድ ወደ ኔጌቲቭ ይመለሳል። ከቁልፉ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ለሞተሪኖው «ተነስ» የሚል ትእዛዝ ብቻ ያደርሳል። ሞተሩ ሲነሳ ዲናሞው ባትሪውን ይሞላል።

ባለሙያው ሥራቸውን በቅደም ተከተል ነው የሚሠሩት። መኪናው ከማርሽ ወጥቶ የእጅ ፍሬን መያዙን ካረጋገጡ በኋላ፦

1ኛ. ማዳመጥ። ቁልፉ ሲዞር «ጣ ጣ ጣ» እያለ ከተንጣጣ ባትሪው ደክሟል ወይም ራሱ ላይ ያለው ማሰሪያ ላልቷል። አንድ ጊዜ «ጣ» ብሎ ዝም ካለ ወፍራሙ ገመድ፣ ማሳው ወይም ሞተሪኖው ራሱ ይጠረጠራል። መብራቱ ደምቆ ምንም ድምፅ ከሌለ ቀጭኑን ሽቦና ቁልፉን ማየት ነው።

2ኛ. ባትሪውን መለካት። የ12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ገደማ ያሳያል። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ጥርጣሬ ውስጥ ይገባል።

3ኛ. ማሳውን መለካት። የቴስተሩ አንዱ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላው ንጹህ የሞተር ብረት ላይ ሆኖ ሰው ቁልፉን ያዞራል። ከ0.2 ቮልት ብዙ ከበለጠ ማሳው ዝጓል ወይም ላልቷል። መፍታት፣ መፋቅ፣ ማጥበቅ፤ ወጪው የብርጭቆ ወረቀት ብቻ ነው።

4ኛ. ዲናሞውን መለካት። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መታየት አለበት (በኮምፒውተር የሚታዘዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ ሊለያይ ይችላል)። 12 ላይ ከቀረ መጀመሪያ ቺንጋው ይታያል። ቀጥሎ ዳሽቦርድ ላይ ያለችው የባትሪ ምልክት፦ ቁልፍ ሲከፈት መብራት፣ ሞተር ሲነሳ መጥፋት አለባት። ጭራሽ ካልበራች አምፖሏ ተቃጥሏል ወይም ወደ ዲናሞው የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ተበጥሷል፤ በብዙ መኪኖች ዲናሞው ሥራ የሚጀምረው በዚሁ ሽቦ ነው።

አንድ ልማድ ግን ይቅር። ዲናሞው መሥራቱን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ የሚነቅሉ አሉ። ቮልቴጁ በድንገት ዘሎ የዲናሞውን ዳዮድና የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። በቴስተር ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው።

መኪናው እምቢ ባለ ቁጥር «ባትሪው ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» ማለት ይቀናናል። አዲስ ባትሪ ለአንድ ሹፌር የብዙ ቀን ገቢ ነው። ጥፋቱ የዛገ ማሳ ከነበረ ደግሞ አዲሱን ይዞ ያው ሳነቴ ላይ ይቆማል። እኛም ሳንለካ የምንጽፈው ዜና እንዲሁ ሰው መንገድ ላይ ያስቀራል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ!