ሁለተኛው ናዳ፦ የበረዶ ናዳ ጥናት ለጉራጌ ተራራማ ቀበሌዎች የሚሰጠው ትምህርት

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ተሰብስበው ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ነበሩ። ይህ ጽሑፍ ለነፍስ አድን የሚሮጥ ሰው የሚደርስበትን ሥጋት ከበረዶ ናዳ ጥናት ጋር በማነጻጸር ይመረምራል።

የበረዶ ናዳ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ተዳፋት ላይ ይነሣል። ከላይ የተጫነው በረዶ ክብደት ከሥሩ ካለው ደካማ ንብርብር አቅም ሲበልጥ ተዳፋቱ ይለቃል። በአፈር ናዳም መርሁ ተመሳሳይ ነው፤ በአፈር ቅንጣቶች መካከል የሚጠራቀም ውኃ ግፊቱ ሲጨምር ሰበቃው ይቀንሳል። የመጀመሪያው ናዳ ሲወርድ ከበላይ የቀረው አፈር ድጋፉን ያጣል፣ ውኃውም ገና አልወጣም። ስለዚህ የዝናቡ ማባራት የአደጋውን ማብቃት አያመለክትም።

ልዩነቱ በክብደት ላይ ነው። በናዳ የተጠቀጠቀ አንድ ሜትር ኩብ በረዶ ግማሽ ቶን ያህል ሲመዝን እርጥብ አፈር ወደ 2 ቶን ይጠጋል። በረዶ የቀበረው ሰው የመትረፍ ዕድሉ ከፍተኛ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ስለሆነ በአቅራቢያው ያሉት ጥቂት ጓደኞቹ ፈጥነው ይቆፍራሉ። አፈርን በአካፋና በዶማ ማንሣት ግን ብዙ ሰውና ረጅም ሰዓት ይጠይቃል፤ በዚህም ምክንያት ሕዝቡ አደገኛው ተዳፋት ሥር ተሰብስቦ ይቆያል።

ከእምድብር በስተ ምሥራቅ የሚነሣው የጉራጌ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ክረምቱ ዝናባማ፣ ዐለቱም በአብዛኛው እሳተ ገሞራዊ ነው። በቤቶች ዙሪያ የሚተከለው እንሰት የላይኛውን አፈር ከመታጠብ ቢከላከልም ሥሩ ጥልቅ መንሸራተትን የሚያግድ አይደለም። ከተዳፋቱ በላይ አዲስ ስንጥቅ መታየቱ፣ ዛፍና አጥር መዝመሙ፣ የምንጭ ውኃ በድንገት መደፍረሱ የቅድሚያ ምልክቶች ናቸው።

ናዳ ከወረደ በኋላ በበረዷማ አገሮች የተለመደው ሥርዓት እዚህም ይሠራል፦ ተዳፋቱን ከጎን የሚመለከት ጠባቂ ማቆም፣ የማምለጫ አቅጣጫ አስቀድሞ መወሰን፣ ጥቂቶች በተራ ሲቆፍሩ ሌሎቹ ከናዳው መውረጃ ውጭ እንዲጠብቁ ማድረግ። ከተዳፋት የራቀ ጀፎሮ ለመሰብሰቢያ ይመቻል፤ እድሮችም ተራውን ሊያስከብሩ ይችላሉ።

ወገኑ ከአፈር ሥር ሳለ ሰውን ቆይ ማለት ከባድ ነው፤ መዘግየቱም ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ደንቡ አስቀድሞ በስምምነት መጽደቅ ያለበትም ስለዚህ ነው። የናዳ ሥጋት ካርታዎችም መሬቱ የሚለቅበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን ረዳቶች የሚቆሙበትን ጭምር ሊያመለክቱ ይገባል።